ያልታወቀውንም ንገሩን፦ ለከተማችን ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 2018 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለሕዝብ ስለተዘጋው የሂሳብ ሴሚናርና ስለተወሰደብን የቅዳሜ አዳራሽ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፤

የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችሁ አንዲት አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰብን ስለ ሂሳብ የምንጨዋወት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ተማሪዎች ነን። ሴራሚክ አንጣፊም አለን። ከባንክ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። በዋናው በር አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ እህትም አለች፤ ገበያው ቀዝቀዝ ሲልላት ትመጣና ከኋላ ትቀመጣለች። ማኅበር አይደለንም፣ ማኅተምም የለንም። ይህን የምንናገረው ከዚህ በፊት ያስገባነውን ማመልከቻ መዝገብ ቤቱ «ማኅተም የለውም» ብሎ ስለመለሰብን ነው። ስለዚህ በግልጽ ለመጻፍ ተገደድን።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሁለት ነገር ሆነ። አዳራሹ ለ12ኛ ክፍል ቲቶሪያል ተሰጠ። የሂሳብ ትምህርት ክፍሉ የሚያካሂደው ሴሚናር በር ላይ ደግሞ «ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ለምን ብለን ስንጠይቅ በቃል የተሰጠን መልስ አጭር ነበር። ሕዝቡ የሚያስፈልገው መሠረታዊ ሂሳብ ነው፤ ምርምሩ አይገባውም። አዳራሽ ተፈልጎ ይገኛል። ይህን መልስ ግን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም።

እስቲ «አይገባውም» ከሚለው እንጀምር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እንዲህ የሚል ጥያቄ አነሳን። 6 ሰዎች አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ከነዚህ መካከል ወይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ 3 ሰዎች አሉ፣ ወይ ደግሞ አንዱ ሌላውን የማያውቅ 3 ሰዎች አሉ። ከሁለቱ አንዱ የግድ ነው። ሰዎቹ 5 ከሆኑ ግን ግድ አይደለም። ሰሌዳው ላይ 6 ነጥብ አደረግንና ከመካከላቸው አንዱን ሰው ያዝን። ሌሎቹ 5 ናቸው። እያንዳንዳቸውን ወይ ያውቃል ወይ አያውቅም። ስለዚህ ቢያንስ 3ቱን ያውቃል፣ ወይም ቢያንስ 3ቱን አያውቅም። 3ቱን ያውቃል እንበል። ከ3ቱ ሁለቱ ከተዋወቁ፣ እሱ ሲጨመር የሚተዋወቁ 3 ሰዎች ተገኙ። ማንም ከማንም ካልተዋወቀ ደግሞ 3ቱ ራሳቸው የማይተዋወቁ 3 ሰዎች ናቸው። 3ቱን አያውቅም ካልን ነገሩን መገልበጥ ነው። አለቀ፤ ማረጋገጫው በሙሉ ይኸው ነው።

ቡና ሻጯ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ 3 መሆኑ ቀርቶ 4 ቢሆንስ?»

«18 ሰው ያስፈልጋል።»

«5ስ?»

«አይታወቅም።»

«አንተ ነህ የማታውቀው ወይስ ዶክተሮቹም ናቸው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጥያቄዋ ግን የቀልድ አልነበረም። ዶክተሮቹም አያውቁትም። መልሱ ከ43 አያንስም፣ ከ46 አይበልጥም። ከዚህ አልፎ የሚያውቅ ሰው የትም አገር የለም። ኮምፒውተርም አልደረሰበትም፤ አንድ በአንድ ይፈተሽ ቢባል የሚፈተሸው ብዛት ከየትኛውም ማሽን አቅም በላይ ነው። የጥያቄው ጠቅላላ መልክ ላይ ኤርዲሽና ሴከሬሽ የሚባሉ የሂሳብ ሰዎች በ1935 ጣራ፣ ማለትም መልሱ ከዚህ አይበልጥም የሚል ገደብ፣ አስቀምጠው ነበር (የውጭውን ዓለም ሥራ ዓመት የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ያ ጣራ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ሲነካካ ቆይቶ፣ በእውነት ዝቅ ያለው በ2023 ነው፤ ካምፖስ፣ ግሪፊትስ፣ ሞሪስና ሳሃስራቡዴ በሚባሉ አራት ተመራማሪዎች እጅ። ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ለማስረዳት ከድንኳኑና ከ6ቱ ሰዎች ሌላ ምንም አላስፈለገንም። እንዴት እንዳረጋገጡት ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ለዚያ እኛም አቅም የለንም። እናንተ ግን አላችሁ።

ቅሬታችን ከዚህ ይነሳል። ይህች ሴት 10ኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በሂሳብ ውስጥ እስካሁን መልሱ ያልተገኘ ነገር አለ ብሎ የነገራት ሰው የለም። ሂሳብ ድሮ አልቆ፣ ተጠርዞ፣ በመጽሐፍ መልክ የሚታደል ነገር መስሏት ነው የኖረችው። ሕዝቡ ምርምር አይገባውም ስትሉ፣ ምርምር መኖሩን ራሱ ነግራችሁት ታውቃላችሁ?

ሁለተኛው ጉዳይ የሴራሚክ አንጣፊያችን ነው። በእሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ነገሩ እኛንም ያስደነቀን ስለሆነ።

ወለልን ምንም ክፍተት ሳይተዉ የሚሸፍኑ፣ ግን ንድፋቸው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ራሱን የማይደግም ቅርጾች አሉ። እንዲህ ዓይነት ስብስብ መኖሩን መጀመሪያ ያሳየው ሮበርት በርገር ነው፤ በ1966 ያቀረበው ስብስብ 20,426 ዓይነት ቅርጽ ነበረው። በ1970ዎቹ ሮጀር ፔንሮዝ ቁጥሩን ወደ 2 አወረደው። በአንድ ቅርጽ ብቻ ይቻል ይሆን የሚለው ግን ለአሥርት ዓመታት ተንጠልጥሎ ቀረ። በኅዳር 2022 ብሪድሊንግተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ዴቪድ ስሚዝ የሚባል ሰው አንድ ባለ 13 ጎን ቅርጽ አገኘ። ስሚዝ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለም። ከማተሚያ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ በቅርጽ መጫወት የሚወድ ሰው ነው። ቅርጹን በወፍራም ወረቀት ቆርጦ ገጣጠመው፣ ጸባዩ አላምርህ አለው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ለሆነው ለክሬግ ካፕላን ላከለት። ሁለቱ ከጆሴፍ ማየርስና ከካይም ጉድማን ስትራውስ ጋር ሆነው ማረጋገጫውን በመጋቢት 2023 ለዓለም አወጡ። ቅርጹ ኮፍያ ስለሚመስል «ኮፍያ» ተባለ።

እኛም ከካርቶን ቆረጥነው። ሴራሚክ አንጣፊው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እየገጣጠመ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ቆመ። አንዱን ካርቶን አንስቶ ጀርባውን አየው።

«ይሄኛው ተገልብጧል» አለ።

«አዎ፣ አንዳንዶቹ ይገለበጣሉ» አልነው።

«ሴራሚክ ይገለበጣል እንዴ? ፊቱ ሌላ፣ ጀርባው ሌላ። ለእኔ ይሄ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ዓይነት አዝዤ ነው የምሠራው።»

ዝም አልን። ምክንያቱም ልክ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በ2023 ብዙ ሰው አንስቶታል። እነዚያው አራት ሰዎችም በግንቦት 2023 መልስ ይዘው መጡ። ሁለተኛው ቅርጻቸው መገልበጥ ሳያስፈልገው ብቻውን ወለሉን ይሸፍናል፣ ንድፉም አይደግምም። የእኛ ሰው ትምህርቱን ያቆመው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። የዓለም ተመራማሪዎች ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ ያመሩበትን ጥያቄ ግን እዚያው ወለል ላይ ተንበርክኮ አነሳው። አይገባውም የተባለው እንግዲህ እሱ ነው።

ይህ ብቸኛ ገጠመኝም አይደለም። ሳን ዲዬጎ ትኖር የነበረችው የአምስት ልጆች እናት ማርጆሪ ራይስ፣ ለልጇ የሚመጣውን የሳይንስ መጽሔት እያነበበች በ1970ዎቹ አጋማሽ ወለል የሚሸፍኑ አራት አዳዲስ የባለ አምስት ጎን ዓይነቶች አግኝታለች። ያላት የሂሳብ ትምህርት የሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ጥያቄውን በሚገባ ቋንቋ ጽፎ ቤቷ ድረስ ላከላት፤ የቀረውን እሷ ጨረሰችው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈተናው።

ቲቶሪያሉን አንቃወምም። እንዲያውም ብዙዎቻችን እዚያው ቲቶሪያል ላይ እናስተምራለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን፤ ከፊታችን የተቀመጡት እነሱ ናቸው። ግን ቲቶሪያሉ የሚሰጠው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ አዳራሹ ተቆልፎ ይውላል። እኛ የምንሰበሰበው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነበር። «ለቲቶሪያል ተሰጥቷል» የሚለው መልስ ለጠዋቱ ይሠራል። ለከሰዓቱ ምን እንበል? ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ እንኳ የሚነግረን አጣን።

ሌላም ነገር አለ። ልጆቹ ሂሳብን የሚያውቁት ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት አንዱን በማክበብ ነው። አንድ ቁጥር ውሰዱ፤ ጥንድ ከሆነ ለ2 አካፍሉት፣ ጎዶሎ ከሆነ በ3 አባዙና 1 ጨምሩበት፣ እንዲሁ ቀጥሉ አልናቸው። ከ7 ብንነሳ 22፣ 11፣ 34፣ 17፣ 52፣ 26፣ 13፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ከየትኛውም ቁጥር ብንነሳ መጨረሻው 1 ነው? ጥያቄው በ1930ዎቹ እንደተነሳ ይነገራል፣ የኮላትዝ ግምት ተብሎም ይታወቃል፤ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። በ2019 ቴረንስ ታኦ የሚባል ተመራማሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁጥሮች በጣም ዝቅ ወዳለ ቦታ እንደሚወርዱ አሳየ። «ከሞላ ጎደል» ግን «ሁሉም» አይደለም። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ 27ን ይዞ ቤቱ ሄደ። ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ፣ 9232 ደርሶ ሲመለስ፣ በ111ኛው እርምጃ 1 ላይ አረፈ። ልጁ ይህን ሁሉ በእጁ ደብተር ላይ ጽፎ መጣ። ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። በዚያ ደብተር ውስጥ ያለው ማባዛት፣ ማካፈልና መደመር ብቻ ነው። መሠረታዊ ሂሳብ የምትሉት ይህ ከሆነ፣ ልጁን ወደዚያ የመለሰው ያልተፈታው ጥያቄ ነው።

አራተኛው ሴሚናሩ ነው።

ከባንክ ጡረታ የወጡት አባት የደብተራ ልጅ ናቸው። አንድ ቀን ባሕረ ሐሳብን ሰሌዳ ላይ ሠሩልን። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518። ይህ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን አንስተን ወንበሩ 12። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ 12፤ አበቅቴ። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። ተማሪዎቹ «ለምን ሁልጊዜ 30 ይመጣል?» አሉ። ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ነው። (መጋቤ ሐዲሱም ሰባኪውም በየዓመቱ መስከረም የሚያውጁት ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ከእኛ ብዙዎቹ ያን ቀን ነው ያስተዋልነው።)

ይህ የቀሪ ሂሳብ ነው። የዛሬው ምርምርም እዚያው ሰፈር ነው። 11 እና 13፣ 17 እና 19፣ 29 እና 31 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ አይካፈሉም። የየጥንዱ ልዩነት 2 ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ማለቂያ የላቸውም ወይ? አይታወቅም። በ2013 ይታንግ ዣንግ የሚባል፣ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ነገር አረጋገጠ። ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን ያልበለጠ የብቸኛ ቁጥር ጥንዶች ማለቂያ የላቸውም። 70 ሚሊዮን ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ቁጥር ራሱ አልነበረም። ዣንግ ከዶክትሬቱ በኋላ ለዓመታት የማስተማር ሥራ አጥቶ ሳንድዊች ቤት ሒሳብ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የማረጋገጫው እምብርት ብቸኛ ቁጥሮች ሲካፈሉ በየቀሪው ላይ ምን ያህል እኩል እንደሚሰራጩ የሚያሳየው ክፍል ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጄምስ ሜይናርድ በሌላ መንገድ ወደ 600 አወረደው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በግልጽ፣ ማንም እያያቸው፣ ስህተታቸውን ሳይደብቁ አብረው ሠርተው በ2014 ቁጥሩን 246 አደረሱት። እዚያ ቆሟል። ሜይናርድ በ2022 ከሂሳብ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተቀበለ።

ከባሕረ ሐሳብ እስከ 246 ያለውን መንገድ አንድ ቀን የሚያስኬደን ሰው ፈለግን። የትምህርት ክፍሉ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሴሚናር እንዳለው ማስታወቂያ አየንና ሄድን። በር ላይ መታወቂያ ተጠየቅን። ጡረተኛው አባት የጡረታ መታወቂያቸውን አወጡ። ጥበቃው ትሑት ልጅ ነው፤ «አባባ፣ የተሰጠኝ ስም ዝርዝር ውስጥ የሉም» አለ። በመስኮት ስናይ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች በቁጥር ከእኛ ያነሱ ነበሩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ በፊት እንገባ በነበረበት ጊዜም አንድ ችግር ነበር፣ እሱንም ሳንሸሽግ እንናገር። ንግግሩ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስላይዱ በምልክት የተሞላ ነው፣ ጥያቄው ምን እንደሆነና ለምን እንደተጠየቀ ግን በአንዱም ስላይድ ላይ አይገኝም። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እሱም እንዳልገባው ሲወጣ በጆሯችን ሹክ ብሎናል።

አምስተኛ። መጋቢት 5 የዓለም የሂሳብ ቀን ነው፤ ዩኔስኮ በ2019 የወሰነው። ባለፈው ዓመት በዓሉ በዋናው አዳራሽ ተከብሯል። ባነር ነበረ፣ ቲሸርት ነበረ፣ ክብ ኬክ ተቆርጧል። አምስት ንግግር ተደርጎ አምስቱም «ሂሳብ የሳይንስ ሁሉ መሠረት ነው» ብለዋል። አንድም ቲዎረም አልተነገረም። ያኔ የካኬያ ግምት በሦስት ልኬት (ዳይሜንሽን) መረጋገጡ ከተሰማ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ካኬያ የሚባል ጃፓናዊ በ1917 ጠየቀ፦ አንድን መርፌ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ ለማዞር ምን ያህል ቦታ ይበቃል? መልሱ ጉድ ነው፤ በብልሃት ወዲያ ወዲህ ካደረጉት የፈለጉትን ያህል ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። በጠረጴዛ ፋንታ አየር ላይ በሁሉም አቅጣጫ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የመርፌዎቹ ስብስብ ይዘቱ (ቮልዩሙ) ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ ልኬቱ ግን ከ3 አይወርድም የሚለውን ሆንግ ዋንግና ጆሹዋ ዛል በ127 ገጽ አረጋገጡ። አንድ መምህር በአንድ እስክሪብቶ ጥያቄውን ለአዳራሹ ሊያሳይ ይችል ነበር። ከኬኩ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ስድስተኛው ለእኛ ከሁሉ ያመመን ነው። የቀድሞ የመሬት ቀያሽ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ለዓመታት አንድን አንግል በኮምፓስና ምልክት በሌለው ማስመሪያ ብቻ ለሦስት እኩል ለመክፈል ሲደክሙ ኖረዋል። ሠራሁት ያሉትን ከነሥዕሉ ለትምህርት ክፍሉ አስገቡ። መልስ የለም። እንደገና አስገቡ። የለም። እንደ እብድ ተቆጥረዋል ብለው አዘኑ። ሁለት መስመር ቢጻፍላቸው ይበቃ ነበር። በ1837 ፒየር ዋንዝል የሚባል ፈረንሳዊ ይህ በጠቅላላው የማይቻል መሆኑን አረጋግጧል።

እኛ ዘንድ ሲመጡ ነገርናቸው። ተቆጡ። «የቻለ አልተገኘም ማለት አይቻልም ማለት ነው እንዴ?» አሉ። ጥያቄያቸው ትልቅ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቁጭ ብለን አየነው። ኮምፓስና ማስመሪያ የሚሰጡን ርዝመቶች በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ስኩዌር ሩት በማውጣት የሚገኙት ብቻ ናቸው። 60 ዲግሪን ለሦስት መክፈል ግን የሦስተኛ ደረጃ እኩልታ ያመጣል፤ የዚያ መልስ በእነዚህ መንገዶች አይገኝም። የሰው ብልሃት ማነስ አይደለም፣ በሩ ራሱ የለም። ይህን ለማመን ብዙ ቅዳሜ ወሰደባቸው፤ ዛሬም አንድ ነገር ካልተረጋገጠላቸው እሺ አይሉም። «ፈታሁት» እያለ የሚመጣ ሰው አብዛኛው ተሳስቷል፤ እናውቃለን፤ ጊዜያችሁንም ሊበላ ይችላል። ግን ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ ማሳየት ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎቹን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቶች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አሉ። ለማየት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገዋል። በከተማችን ምን እንደተመረመረ የሚናገር አንድ ገጽ አማርኛ የለም።

በጀት የለም እንደምትሉን እንገምታለን። በጀርመን ጊሰን ከተማ ከ2002 ጀምሮ የሂሳብ ሙዚየም አለ፤ በፓሪስ በ2023 ተከፍቷል። እኛ ሙዚየም አልጠየቅንም። የእንግሊዙ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች ሳይንስ ያስተምራል፤ በ1978 ክሪስቶፈር ዚማን ለመጀመሪያ ጊዜ ርእሱን ሂሳብ አደረገው። ከዚያ የተወለደው ነገር ለተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ ትምህርት ነው። የሚያስፈልገው ሰሌዳ፣ ጠመኔና የሚመጣ ሰው ነው። ሰሌዳውና ጠመኔው አለን።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ይቀላል ብለንም አንሟገትም። በ2024 ጌትስጎሪ፣ ራስኪንና ባልደረቦቻቸው የጂኦሜትሪክ ላንግላንድስን ግምት ማረጋገጫ ሲያወጡ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። እሱን በአንድ ቅዳሜ ንገሩን አንልም። ቀለል ለማድረግ ተብሎ ውሸት ከሚነገረን «ይሄ ለእኛም ከባድ ነው» ብትሉን እንመርጣለን። «ሂሳብ ለኑሯችሁ ይጠቅማል» የሚለውንም ስብከት ተዉልን። ኳስ የሚያይ ሰው ለኑሮው ስለሚጠቅመው አይደለም የሚያየው። ማን ምን ላይ እንደተቸገረ፣ የት እንደቆመ፣ ምን እንዳቃተው ነው መስማት የምንፈልገው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አዳራሹ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይከፈትልን፤ ቁልፉም በር ላይ ካሉት ጥበቃዎች ዘንድ ይቀመጥ። ወንበሩን አስተካክለን፣ ጠርገን እንወጣለን።

በሴሚናሩ በር ላይ ያለው ወረቀት ይነሳ። ከሴሚናሮቹም በወር አንዱ በአማርኛ ይሰጥ። ተናጋሪው መጀመሪያ ጥያቄውን ይንገረን፤ ቀጥሎ እስከ የት እንደታወቀና ከየት ጀምሮ እንደማይታወቅ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ምልክት ይጻፍ፣ እስከቻልን እንከተለዋለን።

እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ፣ ከተቻለም በሌሎች የከተማችን ነዋሪዎች በሚናገሯቸው ቋንቋዎች፣ አብሮ ይግባ። በዋናው በር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ።

ከሕዝብ ለሚመጡ የሂሳብ ጽሑፎች መልስ የሚሰጥ ሰው በተራ ይመደብ። ሁለት መስመር ይበቃል። አዛውንቱ ቀያሽ ላስገቧቸው ሁለት ማመልከቻዎችም፣ ነገሩን አሁን ቢያውቁትም፣ በስማቸው መልስ ይጻፍላቸው።

የፊታችን መጋቢት 5 ከመድረኩ 40 ደቂቃ ይሰጠን። ሴራሚክ አንጣፊው ቅርጾቹን ዘንድሮ በካርቶን ሳይሆን በእውነተኛ ሴራሚክ ቆርጦ ለማሳየት ጀምሯል። ከትምህርት ክፍሉ አንድ መምህር አጠገቡ ቆሞ ማረጋገጫው እንዴት እንደሚሄድ ቢያስረዳ ደስ ይለናል።

ለዚህ ደብዳቤ እስከ የካቲት መጨረሻ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍልን።

ከሰላምታ ጋር

የቅዳሜው የሂሳብ ስብስብ አስተባባሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ መምህር
ስለ ስብስቡ ተሳታፊዎች

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ትምህርት ክፍል
ለዋናው ቤተ መጻሕፍት
ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለዋናው በር ጥበቃ ክፍል